ማን አጨበጨበብሽ?

ጥቅምት 4
ዛሬ አራት መነጽር ብቻ። ሁለቱ የንባብ፣ አንዱ ብሎኑ የወለቀ፣ አንዱ ደግሞ "ፊቴን አሰፋው" ተብሎ የተመለሰ። ከሰዓት ሱቁ ጭር አለ። ከሌንስ መቁረጫው ጋር ማውራት ሳልጀምር አልቀረሁም...

ራት ላይ ልጄ ስልኳን እያየች ትስቃለች። "ምንድን ነው?" "ምንም።" አባቷ ከሄደ ወዲህ እዚህ ቤት የሚስቅ እሷ ብቻ ናት። ደስ አለኝ። ስድስተኛ ክፍል ከገባች ገና አንድ ወሯ፣ አራት ጓደኛ አፍርታለች። በእሷ ዕድሜ እኔ አንድም አልነበረኝ። አሁንስ?

ጥቅምት 9
የእኔ ስልክ ባትሪ ጨረሰ። ለእህቴ ልደውል ብዬ የልጄን አነሳሁ። ገላዋን እየታጠበች ነበር። ስከፍተው ስታየው የነበረው ቪዲዮ እዚያው ላይ ቆሟል።

አንዲት ልጅ የክፍሉ ጥግ ላይ ተቀምጣለች። ሁለት ጆሮዋን ይዛ ወደፊትና ወደኋላ ትወዛወዛለች። አራት ልጆች ከበዋት ያጨበጭባሉ። ጆሮዋ ሥር ድረስ ጠጋ ብለው። "ሮቦቷ ተበላሸች" ትላለች አንዷ። ስልኩን ይዛ የምትቀርጸው ትስቃለች።

ያን ሳቅ አውቀዋለሁ።

ለእህቴም አልደወልኩ። ቪዲዮውን ወደ ራሴ ስልክ ላኩት። ለምን እንደላኩት እንኳ እንጃ።

ጥቅምት 10
ጠየቅኳት።
"ቀልድ ነው እኮ እማዬ። ኦቲዝም አለባት፣ አይገባትም።"
"ካልገባት ጆሮዋን ለምን ያዘች?"
ማልቀስ ጀመረች። "ከተናገርሽ ማንም አያናግረኝም። እንዳንቺ ብቻዬን ልቅር?"

ሳህኖቹን አጠብኩ። የታጠቡትንም ደግሜ አጠብኳቸው።

ጥቅምት 12
ምንም አላደረግኩም።

ጥቅምት 15
ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆምኩ። የቪዲዮዋን ልጅ አየኋት። ከእናቷ ጋር ነበረች። እናትየዋ የሆስፒታል የጽዳት ሠራተኛ ልብስ ለብሳለች። ልጅቷ የአጥሩን ብረት አንድ በአንድ በጣቷ እየነካች ትቆጥራለች። እናቷ ቦርሳዋን ይዛ፣ ቆጥራ እስክትጨርስ ትጠብቃለች። አትቸኩልም። አትቆጣትም።

እግሬ ወደ እነሱ አልሄድ አለኝ። ፈሪ ነኝ። ተመለስኩ።

ጥቅምት 16
ዛሬ ግን ገባሁ። የክፍሉ መምህር ቪዲዮውን አይቶ አንገቱን አከከ። "ልጆች ናቸው፣ እየቆየ ይለመዳል።"
"ማን ነው የሚለምደው?" አልኩት። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

ርዕሰ መምህሯ ጋ ወሰደኝ። በእረፍት ሰዓት ልጅቷ ቢሮ ውስጥ ትቀመጥ አለች፣ ለደኅንነቷ። "እሷ ምን አጥፍታ ነው ከእረፍቱ የምትቀረው?" አልኩ።
ትክ ብላ አየችኝ። "የእርስዎም ልጅ እንደምትቀጣ ያውቃሉ አይደል?"
አውቃለሁ። ትቀጣ። ይህንኑ ነገርኳት።
"ለእናቷስ ማን ይንገራት?"
እኔ፣ አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ እንጃ።

ጥቅምት 18
ቤቷ ሄድኩ። አንድ ክፍል፣ ሁለት አልጋ፣ ብርሃን የማያስገባ ወፍራም መጋረጃ። ልጅቷ አክስቷ ጋ ሄዳለች። የቀረጸችው ልጄ መሆኗን ነግሬ ስልኬን ሰጠኋት። እናትየዋ ቪዲዮውን መጀመሪያ ድምፁን አጥፍታ አየችው። ከዚያ በድምፅ። አላለቀሰችም።

"ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ያስመልሳታል" አለችኝ። "ማን መታሽ? እላታለሁ። ማንም። ማን ገፋሽ? ማንም። ማን ዕቃሽን ወሰደ? ማንም። ልጄ አትዋሽም። የጠየቅኳትን ብቻ ነው የምትመልስልኝ። ማን አጨበጨበብሽ ብሎ መጠየቅ ከየት ይመጣልኛል?"

ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት እጇን አነሳች። "መምጣትሽ ደግ አደረግሽ። ልጅሽን ግን አሁን ላያት አልፈልግም።"

እውነቷን ነው። በእግሬ ተመለስኩ። መንገዱ አላልቅ አለኝ።

ጥቅምት 26
ትምህርት ቤቱ የጠራው የወላጆች ስብሰባ ተደረገ። ልጄና አራቱ ጓደኞቿ ተቀጡ። ከአሁን በኋላ ስልክ በር ላይ ይሰበሰባል። በእረፍት ሰዓት ሁለት መምህራን ግቢውን ይዞራሉ። ልጅቷ እንደ ሁሉም ሰው ውጭ ትቆያለች።

መምህሩ አንድ ወረቀት አነበበልን። የጻፈችው ልጅቷ ናት። ለክፍሉም ይነበብ ያለችው ራሷ ናት አሉ። "ጭብጨባ ጆሮዬ ውስጥ መርፌ ነው። ከኋላዬ ስትመጡ አስቀድማችሁ ተናገሩ። ስትጠሩኝ ዝም ካልኩ መልሱን እያሰብኩ ነው፣ ጠብቁኝ። ሮቦት አይደለሁም። ሮቦት አይደክመውም፣ እኔ ይደክመኛል።"

"ጠይቄያት አላውቅም ነበር" አለ መምህሩ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ቀና ብሎ ማንንም አላየም።

ኅዳር 4
ልጄ ካናገረችኝ ስምንት ቀን። ራቷን ይዛ ክፍሏ ትገባለች። ጓደኞቿ "በእናትሽ ምክንያት ነው" ብለው አኩርፈዋታል። ስታለቅስ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። ሳንኳኳ "ሂጂልኝ" ብቻ ትላለች።

የፈራችው ደረሰባት። ያደረስኩባትም እኔ ነኝ። ሌላ መንገድ ነበረ ይሆን?... ሬዲዮ እከፍታለሁ። ስለ ምን እንደሚያወሩ ግን አልሰማም።

ሱቅ አንድ ሽማግሌ አዲሱን መነጽራቸውን አድርገው ቀና ብለው አዩኝ። "ከፍቶሻል ልጄ" አሉኝ። ሌንሱ በደንብ እንደሚያሳይ በዚያ አወቅኩ።

ኅዳር 11
"ቻው" አለችኝ ጠዋት። ከበሩ ውጭ ሆና። አንድ ቃል።

ኅዳር 19
ሽንኩርት እየከተፍኩ ሳለ ልጄ ወጥ ቤት ገባች። ጀርባዋን ሰጥታኝ መስኮቱ ጋ ቆመች።

"ዛሬ የሰባተኛ ክፍል ልጆች ሊያጨበጭቡባት ጀምረው ነበር። ኮሪደሩ ላይ።"
"አንቺስ?"
"ተዉ አልኳቸው። አልተዉም። ሮጬ መምህር ጠራሁ።" መስታወቱን በጣቷ ነካካች። "ከዚያ አጠገቧ ልቆም ስል 'አንቺ ስልኩን የያዝሽው ነሽ፣ ራቅ ብለሽ ቁሚ' አለችኝ።"
"እና?"
"ራቅ ብዬ ቆምኩ። ደወሉ እስኪደወል።"

ምን ይባላል? ጎበዝ ልበላት? ይህ እኮ ገና ከዕዳዋ ላይ ቅንጣቱ ነው። ልቀፋትስ? እንዳትሸሸኝ ፈራሁ። መክተፌን ቀጠልኩ።

"ነገስ?"
"ነገም እዚያው እቆማለሁ። ቅረቢ እስክትለኝ።"
"ባትልሽስ?"
ትከሻዋን ነቀነቀች። ዞር ብላ እጄን አየች። "ሌላ ቢላዋ አለ?"

ከመሳቢያው አውጥቼ ሰጠኋት። ካሮቱንም ወደ እሷ ገፋሁላት።