ከወንዝ ዳር ያመጣነው ጥቁር አፈር

ይድረስ ለልጅ ልጄ ለቀጮ፤ ከሄድክ ወዲህ ቦርጭ አውጥተሃል እየተባለ ቢወራም እኔ ያወጣሁልህን ስም አልቀይርም።

ለመሆኑ እንደምን ከርመሃል? ብርዱስ፣ ሥራውስ፣ ወገብህስ? ባለቤትህ ደህና ናት? ትንሿስ ጥርስ አወጣች ወይስ እንደኔ በድድ ነው የምትስቀው? እኛ ተመስገን ደህና ነን። አያትህ ከጠዋት እስከ ማታ ትቆጣኛለች፤ ጤነኛ ናት ማለት ነው። እኔም ከጉልበቴ በቀር ሁሉም ነገሬ ይሠራል፤ ምላሴማ እንዲያውም ብሶበታል።

ዛሬ ብዕር ያስነሳኝ የእህትህ ጉዳይ ነው። አትደንግጥ፣ አላገባችም። ከዚያ የሚበልጥ ነገር አድርጋ ነው።

ከጀርባችን ካለው ኮረብታ ሥር ዩራኒየም አለ ተብሎ አንድ ኩባንያ ሊቆፍር ፈቃድ መጠየቁን በስልክ ነግሬሃለሁ። ድንጋዩን ፈጭቶ የሚፈልገውን ካወጣ በኋላ የሚተርፈውን መርዛማ ዝቃጭ የሚያጠራቅምበት ኩሬ ያሰበው ደግሞ የአትክልት መደቦቻችን ባሉበት ሜዳ ላይ ነው። አስበው እንግዲህ፣ ኩሬው ከላይ፣ እኛና የውሃ ጉድጓዳችን ከታች። ፈቃዱ ከመሰጠቱ በፊት አፈሩና ውሃው ይጠና ተባለና የሚያጠናው መሥሪያ ቤት እህትህን ላከ። ልጅ ሳለች አፈር እየቃመች እናትህን ስታስለቅሳት ትዝ ይለኛል፤ ለካ ሥራዋን እየተለማመደች ኖሯል። ለሰፈሯ ታዳላለች እንዳይባልም ከኩባንያው አንድ መሐንዲስ አብሯት እንዲዞር ተደረገ።

አሁን የእኛን ጉድ ስማ። አፈራችሁ ሊመረመር ነው ሲባል ሰፈሩ በሙሉ እንግዳ እንደሚመጣበት ቤት ተሯሯጠ። በዚያ አሸዋማ መሬታችን ሰው ፊት ልንዋረድ? ሁሉም በጋሪ፣ በጆንያ፣ በባልዲ ከወንዝ ዳር ጥቁር አፈር እያመጣ መደቡ ላይ ደለደለ። አንጥረኛው ጎረቤታችን፣ ሁልጊዜ ከሰው መብለጥ የሚወደው፣ ጭራሽ መደቡን አርቆ ቆፍሮ ሞላው። አያትህ የእኛን በዱቄት ወንፊቷ ነፋችው። እኔም ጉልበቴን እያሸሁ ጋሪ ገፋሁ፤ አትሳቅ።

እህትህ መጥታ መሰርሰሪያዋን በእኛ መደብ ላይ ስትተክል መሐንዲሱ አፈሩን በእጁ ጨበጥ አድርጎ ፊቱ በራ። “ይኼማ ውሃ የማያሳልፍ ግሩም አፈር ነው! ኩሬውን እንደ ድስት ይይዝልናል” አለ። እኛም ተመሰገንን ብለን ደረታችንን ነፋን። ያን ጊዜ እህትህ ያወጣችውን አፈር ገልበጥ አድርጋ አየች። ከላይ ጥቁር፣ ከታች አሸዋ፣ መሃሉ በቢላ የተቆረጠ ይመስላል።

“አባባ፣ ይኼን መሬት ማነው ልብስ ያለበሰው?” አለችኝ። እኔ ሰማይ ሰማይ አየሁ። አያትህ ግን መች አፈረች! “እንግዳ ሲመጣ ምንጣፍ አይነጠፍም እንዴ?” አለቻት።

መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። በዚያው ምሽት ሰፈርተኛውን ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ቤት ሰብስባ “ይኼ ናሙና ቢሄድ ኖሮ ወረቀቱ ሜዳው መርዝ አያሳልፍም ይል ነበር። ምንጣፉን ያነጠፋችሁት ለዝቃጩ ነው” አለች። አንጥረኛው “ታዲያ መሬታችን የማይረባ ነው ብለን በአደባባይ እንፈርም?” ብሎ ተነሳ። እሷም “አዎ፣ ጋሼ። ከእኔ ቤት እንጀምራለን። መጀመሪያ ያጭበረበሩት አያቶቼ ናቸው” አለችው! እኔ ነኝ እንግዲህ አጭበርባሪው። በሳቅ ፈረሱ፤ በማግስቱም ሁሉም አካፋውን ይዞ ወጣ። አንጥረኛው ጉድጓዱን ባዶ እስኪያደርግ ድረስ ስንት ጊዜ እንደረገመኝ እሱ ያውቃል።

ናሙናው እንደገና ተወሰደ። አፈራችን ስስ ነው፣ አሸዋ ነው፣ የፈሰሰበትን ሁሉ ወደ ታች ያወርዳል ተባለ። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ሠርግ ነበር። ግን የውሃው ውጤትም መጣ። እኔ በጎልማሳነቴ የቆፈርኩት፣ አንተንም ያሳደገህ ጉድጓድ፣ ማዕድኑ ገና ሳይነካ፣ ከሥሩ ካለው ድንጋይ የተነሳ ዩራኒየሙ ከሚፈቀደው በላይ ሆኖ ተገኘ። ልብስ ሰፊው ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ “የኔ ልጅ፣ አፈር ስሆን፣ ይኼንን እንኳ ዝለይው፤ ድሮም የተበከለ ነው ብለው ይጫወቱብናል” አላት። እሷ “ያንን አፈር ያስጠረግኋችሁ ይኼን ልደብቅ አይደለም” ብላ ፈቃድ ሰጪው ኮሚቴ ፊት ቆማ ሁሉንም አነበበችው።

መሐንዲሱ እንደተባለው ዘሎ ተነሳ። “ድሮም የተበከለ ከሆነ የእኛ ኩሬ ምን ይጨምራል?” አለ። እህትህም ድምፅዋን ሳታነሳ “ሰዎቹ ከሚችሉት በላይ ጠጥተዋል። አሁን አንድ ጠብታ እንኳ የሚጨመርበት ቦታ የለም” አለችው። እኔማ ጎኔ የተቀመጠውን የማላውቀውን ሰው “የልጅ ልጄ ናት” እያልኩ ጎኑን በክርኔ ሳልጎዳው አልቀረሁም።

ኮሚቴው ያንን ሜዳ ከለከለ። ኩባንያው ሌላ ቦታ አጥንቶ ሊመለስ ይችላል፤ ከመጣም እሷ አለች። አሁን ሰፈሩ ውስጥ ፉክክሩ ተገልብጦልሃል። አንጥረኛው “ከሁሉም የባሰው አፈር የኔ ነው” እያለ ሲኮራ ልብስ ሰፊው ደግሞ “የኔ ይብሳል” እያለ ይበሳጫል።

ጉድጓዳችን ተዘግቷል። ክዳኑን በሚስማር የመታችው እህትህ ናት፣ ሚስማሩን የያዝኩላት እኔ ነኝ። ስንጨርስ አቅፋኝ ስታለቅስ “ምን ያስለቅስሻል? የሌላውን እውነት ተናግረሽ የእኔን ብትደብቂ ኖሮ ነበር የማዝነው” አልኳት። የዕድሜ ልክ ሥራዬን ዘጋችብኝ ቀጮ፣ እኔ ግን እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም። ውሃ አሁን ከመንገዱ ማዶ ካለው ቧንቧ ነው የምንቀዳው፤ አያትህ ጣዕሙን ትሰድበዋለች፣ ትጠጣዋለች።

ለባለቤትህ ከልብ የሆነ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ አንተን ስለቻለችህም አመስግናት። ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ፣ አክስቷ ማን እንደሆነች ከወዲሁ ንገራት። አማትህን ሳቋ ናፈቀኝ በላት። አያትህ በሁለት እጇ ትስምሃለች፤ እህትህም ሰላም ብላሃለች፣ ይኼን ሁሉ መጻፌን ግን አታውቅም።

የማይሞተው አያትህ
ከቤታችን በረንዳ፣ ግንቦት 11 ቀን