ስለ ጠርሙሶችሽ ቡፌና ስለ መዝጊያው

ለአስኩዬ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። ያንቺን ጤና ለመጠየቅ እጄ እምቢ አለኝና ወረቀቱን ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ ጥላ ሥር ተቀምጬ ለሰው ሁሉ ማመልከቻ ስጽፍ ኖሬ፣ ለገዛ ሚስቴ አንድ መስመር መጻፍ አቃተኝ። ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። የኔን እንደሆነ ልንገርሽ፤ ጉልበቴን ያመኛል፣ መነጽሬን ሁለቴ ቀይሬያለሁ፣ ሌላው ደህና ነው። ደህና ነው ያልኩት ለወጉ ነው። ብቸኝነቱ ከብዶኛል፣ አስኩ።

የምጽፍልሽ አንድ ጥፋት ስላጠፋሁ ነው። ደንበኞቼን ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ጀምሩልኝ እላቸው የለ? እኔም ከመጀመሪያው ልጀምር።

ለሽቶ ጠርሙሶችሽ ቡፌ አሠራሁላቸው። አዎ፣ ያንኑ ባለ መስተዋት መዝጊያውን። አሥራ ሁለት ዓመት የለመንሽኝን። መጀመሪያ የጠየቅሽኝ ሰዓቴን ልናሠራ አርመኑ ሰዓት ሠሪ ዘንድ የሄድን ዕለት ነበር። ሰውዬው ሰዓቴን ፈቶ ሲጎረጉር አንቺ ከጀርባው የቆመውን ቡፌ ስታዪ ቆየሽ። ስንወጣ እንደዚህ ያለ ቢኖረን አልሽኝ። እኔ ደግሞ፣ ምላሴ አያርፍም፣ ጠርሙስ ለማስቀመጥ ሌላ ጠርሙስ መግዛት ከየት የመጣ ብልሃት ነው ብዬ አላገጥኩብሽ። ሳቅሽ። በየዓመቱ ትጠይቂኛለሽ፣ በየዓመቱ ያችኑ ቀልድ እደግማለሁ፣ አንቺም ትስቂያለሽ። በቀልዴ የምትስቂ ይመስለኝ ነበር። ለታይታ የፈለግሽውም ይመስለኝ ነበር።

ጠርሙሶቹ እንዴት እንደበዙ ታስታውሻለሽ። የሰፈሩ ልጅ ስትዳር የሰርግ ሽቶዋ ባለቀ ጊዜ ባዶውን ላንቺ ታመጣለች። ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ ሙስሊሟም ክርስቲያኗም ታመጣ ነበር። አንቺ በግድግዳው ውስጥ በተበጁት መደርደሪያዎች ላይ ትደረድሪያቸውና፣ እንግዳ ሲመጣ ክዳናቸውን እየከፈትሽ ታስሸትቺ ነበር። ይቺ የመርየም ናት፣ ይቺ ባሏ ጅጅጋ የወሰዳት የኑርያ ናት፣ ይቺ የጸሐይ ናት፣ ሽቶው እንጂ ትዳሩ አልሰነበተላትም እያልሽ። እኛ ልጅ አልተሰጠንም። የሰው ልጅ ሰርግ ግን በየጠርሙሱ ቤታችን ገባ።

አሁን እንዲህ ሆነ። ባለፈው ረመዳን ሲቃረብ ጎረቤቱ ሁሉ ቤቱን ኖራ ያስቀባል፣ እኔም ላስቀባ አልኩ። ቀቢው ጠርሙሶቹን ሲያወርድ አንዷ ከእጁ አመለጠች። ሰማያዊዋ፣ አንገተ ረጅሟ። ስብርባሪዋን ጠርጌ አወጣሁና በማግስቱ ጠዋት ከግንቡ መውጫ፣ ቡዳ በር አጠገብ ወደሚሠራው ወደ አናጢው ከድር ሄድኩ።

ከድርን ታውቂዋለሽ፣ የበርጩማችንን እግር የጠገነልን ነው። ቡፌ ሥራልኝ ስለው ጥያቄ ያዘንብብኝ ጀመር። መስተዋቱ ጥርት ያለ ይሁን ወይስ አበባ አበባ ያለበት? ቁልፍ ይኑረው? መዝጊያው በማጠፊያ ወደ ውጭ ይከፈት ወይስ በቦይ ላይ ይንሸራተት? እኔ ምን አውቄ። አንቺ ብትኖሪ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ትመልሽለት ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ስትለምኚኝ፣ አንድ ቀን እንኳ ምን ዓይነት ነው የምትፈልጊው ብዬ ጠይቄሽ አላውቅም። ይኸ ነገር እዚያው እንጨቱ መሀል ቆሜ ነው የገባኝ። እንባዬ መጣ። ከድር ሰጋቱራ ዓይንዎ ገባ መሰለኝ ጋሼ ብሎ እርጥብ ጨርቅ ሰጠኝ። ሰጋቱራ እንዳልሆነ አውቋል፤ ጨዋ ልጅ ነው።

መስተዋቱን ራሴ ልምረጥ ብዬ ድሬዳዋ ወረድኩ። ነጋዴው ባለ አበባውን አወጣልኝ፣ አሁን ትልልቅ ሰዎች ሁሉ የሚያስገቡት ይኸንን ነው አለኝ። ያምራል፣ አልዋሽሽም። መነጽሬን አውልቄ ከበስተጀርባው ባስቀምጠው ግን መነጽርነቱ ጠፋ፣ ውሃ ውስጥ የወደቀ ነገር መሰለ። አንቺ ጠርሙስ ስታሳዪ ወደ በሩ ብርሃን ታነሺ እንደነበር ትዝ አለኝና ጥርት ያለውን ወሰድኩ። በድርቆሽ አስጠቅልዬ፣ የደንገጎን ዳገት በጭነት መኪና፣ መስተዋቱን በሁለት ጉልበቴ መሀል ይዤ ወጣሁ። ጉድባ በገባን ቁጥር ነፍሴ ትወጣለች። አጠገቤ የተቀመጠው ጫት ነጋዴ ሙሽራ ይዘህ ነው እንዴ ብሎ ሳቀብኝ። ብትኖሪ አብረሽው ትስቂ ነበር።

ጥፋቴ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

የጀጎል ቤት ቀጥ ያለ ግድግዳ የለውም። ከድር ቱምቢውን እየጣለ ቤቱን ዞረው፣ አንዱ ሆዱን ነፍቷል፣ ሌላው ወደ ኋላ ጋደል ብሏል። ቡፌ የሚያስደግፍ አንድ ብቻ ተገኘ፣ እሱም ከትልቁ መደብ በስተቀኝ ያለው፣ አንቺ ጀርባሽን የምትሰጪው ግድግዳ ነው። በዚህ ከተማ በመደብ ላይ የእያንዳንዱ ሰው ቦታ የታወቀ መሆኑን አንቺ ነሽ ያስተማርሽኝ። ያንቺን ቦታ ደግሞ ከሄድሽ ወዲህ የነካው የለም። ለቀስተኛው እንኳ ተጣቦ ሲቀመጥ ያችን ዘሎ ነበር የተቀመጠው። ከድር ቡፌውን ቀጭን አድርጌ ግድግዳው ላይ ባስጠጋው ከፊቱ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ስፍራ ይተርፋል አለ። መዝጊያው በማጠፊያ ከሆነ ግን ሲከፈት ያንን ስፍራ ይጠርገዋል፣ ሰው አይቀመጥበትም፤ ወላሂ ጋሼ፣ ለጠባብ ቤት የሚንሸራተተው ይሻላል አለኝ።

እኔ በማጠፊያ ይሁን አልኩ። ለምን ቢለኝ ቦዩ አቧራ ይይዛል፣ ማን ይጠርግልኛል አልኩት። ውሸቴን ነው። ቦታሽ ላይ ሰው እንዳይቀመጥ ነው። አንድ ቀን አንዱ ሳያስበው ዘፍ ይልበታል የሚል ፍርሃት ነበረብኝ። ሰው ከተቀመጠበት አንቺ ጨርሰሽ የሄድሽ መሰለኝ። ስለዚህ ለቦታሽ የመስተዋት ዘበኛ አቆምኩለት።

ቡፌው ከቆመ ጀምሮ መዝጊያዎቹን ዘግቼ አላውቅም፤ ግራና ቀኝ ወለል አድርጌ ነው የምተዋቸው። እንግዳ ሲገባ ሁለቱን መስተዋት አይቶ ልብሱን ይሰበስባል። መደቡ ጫፍ ላይ፣ ለመነሣት እንደተዘጋጀ ሰው፣ ቁጢጥ ይላል። ልጆች ከመጡማ እኔ ራሴ አትንኩ፣ ተጠንቀቁ፣ ወደዚያ ሂዱ ስል እውላለሁ። መጀመሪያ ልጆቹ ቀሩ። ቀጥሎ እናቶቻቸው። ሴቶቹ አርብ አርብ ከሰዓት በኋላ መምጣት ተዉ። ከግድግዳችን ወዲያ ያሉት እማማ ዘይነባ እንኳ፣ እንደ ልጃቸው ያዩሽ የነበሩት፣ የጾሙን ሾርባ በሰው ይልኩልኝ ጀመር። ወንበሬን አጥፌ ከፈረስ መጋላ ስመለስ የግቢውን በር ራሴ ከፍቼ እገባለሁ፣ ራሴ እዘጋለሁ። አንዳንድ ቀን ጠዋት ለደንበኛ ከምናገረው በቀር እስከ ማግስቱ ድምፄን አልሰማውም። ምግብ ስበላ የማንኪያው ድምፅ ያስደነግጠኛል።

እኔ ደግሞ ጥፋቱን በሰው ላይ ጣልኩት። ሰው ቀብሮ ይረሳል ብዬ ሰፈሩን በሙሉ በልቤ ከሰስኩት። ክሱን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያልኩ ደረደርኩት፤ ሙያዬ አይደል። ሁሉም ከእጅሽ የበሉ፣ ልጆቻቸውን ያዘልሽላቸው፣ አሁን ደጃፌን አያውቁትም አልኩ።

ባለፈው ሳምንት እማማ ዘይነባ ከብዙ ጊዜ በኋላ መጡ። ደፉን አልፈው መደቡ ሥር ቆሙ፣ ተቀመጡ ብላቸውም አልተቀመጡም። ይህ መስተዋት ለምን ሁልጊዜ ይከፈታል፣ አቧራ ይገባው የለም ወይ አሉኝ። እውነቱን ነገርኳቸው፤ ለሌላ ሰው ነግሬ አላውቅም። የአስካለን ቦታ እየጠበቅኩ ነው አልኳቸው። ከዚያ አላህ ይማራትና አሉ፣ ያቺ ልጅ ይኸን መዝጊያ ለምን እንደፈለገችው አልነገረችህም እንዴ?

አልነገርሽኝም። ወይም እንዳትነግሪኝ አድርጌሻለሁ።

ቡፌውን መለመን የጀመርሽ ሰሞን የልጅ ልጃቸው አሚና ሦስት ዓመቷ ነበር አሉ። አንዷን ጠርሙስ ጎትታ ሰበረችና አንቺ በድንጋጤ እጇን መታሻት። ልጅቷ ፈርታ አንድ ወር ሙሉ ቤታችን አልገባችም። አንቺ እማማ ዘይነባ ዘንድ ሄደሽ አልቅሰሻል፤ ባዶ ጠርሙስ ለማዳን ብዬ ልጅ ከቤቴ አባረርኩ ብለሽ። የሚዘጋ መስተዋት ቢኖረኝ ልጆች እንደ ልባቸው ይገቡ ነበር፣ አትንኩ ማለት ሳያስፈልገኝ አጠገቤ ይቀመጡ ነበር ብለሻቸዋል። የጠርሙሱን መሰበር አላውቅም። ለቅሶሽን አላውቅም። ባልሽ ሆኜ ከጎረቤት ሰማሁት፣ ያውም ከሞትሽ በኋላ።

አንቺ ልጅ ለማስገባት የለመንሽኝን መዝጊያ እኔ ሰው ማባረሪያ አደረግኩት። ሰው አልረሳሽም ነበር። ሰው የሚቀመጥበት አጥቶ ነው።

በነጋታው ከድርን ጠራሁት። ማጠፊያውን ንቀልና እንዳልከው በቦይ አድርገው አልኩት። ያንኑ መስተዋት አስተካክሎ ከላይና ከታች ቦይ አበጀለት። ብዬ አልነበረም ወይ አላለኝም፣ ዓይኑ ግን ብሎኛል። አሁን በአንድ ጣት ሲገፉት ሄድ ይላል፤ ጠርሙሶችሽ ሁሉ ከውስጥ ይታያሉ፣ የሰማያዊዋን ቦታ ባዶውን ተውኩት።

ትናንት አርብ ነበር። እማማ ዘይነባ መጡ፣ ሁለት ሴቶችም አብረዋቸው ነበሩ፣ የአሚናን የመጨረሻ ታናሽ ሰሚራን ይዘው። ሰሚራን አሁን ብታዪያት አታውቂያትም፣ አንቺ ስትሄጂ ገና በጡት ነበረች። ልጅቷ ጫማዋን አውልቃ መደቡ ላይ ወጣችና፣ ስንቱ ቦታ እያለ፣ ቀጥ ብላ ሄዳ ካንቺ ቦታ ተቀመጠች። ጀርባዋን ለመስተዋቱ ሰጠች። እማማ ዘይነባ ሊያነሷት እጃቸውን ዘረጉ። ልቤ ለአንድ አፍታ ያንሷት ብሎ ነበር፣ እውነቱን ልንገርሽ። ከዚያ እጃቸውን ያዝኩና ተዉአት አልኩ። ሴቶቹ ቀና ብለው አላዩኝም፣ ወሬያቸውን ቀጠሉ። ሰሚራ ቴምሯን በልታ ስትጨርስ ዞራ በሚያጣብቅ እጇ መስተዋቱን ትጠበጥብ ጀመር። እኔ ውሃ ላመጣ ብዬ ወደ ጓዳ ገባሁና እዚያ ትንሽ ቆየሁ።

ሁሉም ሲሄዱ ቤቱ መልሶ ጭር አለ። ጭርታው እንደበፊቱ ነው፣ መዝጊያ በመቀየር የሚድን ነገር አይደለም። እንዲያው እግሬ መራኝና በትዳራችን ዘመን አንድ ቀን ተቀምጬበት በማላውቀው በዚያ ቦታሽ ተቀመጥኩ። በክፍቱ በር ግቢው ይታያል። ከግቢው በር ወዲያ ደግሞ መንገዱ፣ ከፈረስ መጋላ ስመለስ እስከምታጠፍበት ማዕዘን ድረስ፣ ምንም ሳይቀር ይታያል። እኔ የጓዳው በር ስለሚቀርብሽ የመረጥሽው ቦታ ይመስለኝ ነበር።

ከእንግዲህ ቦታሽን ከሰው አልከለክልም። ሰሚራም ትቀመጥበት፣ የሚመጣ ሙሽራ ሁሉ ይቀመጥበት፣ ጠርሙስ ካመጡም እየተቀበልኩ ስማቸውን እይዝልሻለሁ። አልረሳሽም ብዬ መማል አያሻኝም። ሰው ሁሉ ሲሄድ እኔ እቀመጥበታለሁ። አንቺ እኔን የጠበቅሽበትን መንገድ እያየሁ እቆያለሁ፤ በዚያ ማዕዘን ታጥፎ ወደ እኛ ቤት የሚመጣ እንደሌለ እያወቅኩም።

ባልሽ