መኪናህ ለቅሶ የወጣች ቀን

ውድ ልጄ ሽታው፣

ደብዳቤ ከጻፍኩ ብዙ ዘመኔ ነው። ፊደሉ ቢጣመም አንተ ታነበዋለህ። ስለ መኪናህ የምነግርህ አለኝ።

የለቅሶህ ዕለት አጎትህ አያሌው፣ «የወንድ ልጅ ፈረሱ ለቅሶ ይወጣል፤ የሽታው ፈረስ ይቺው ናት፤ አውጧት!» አለ። ያቺን ባለሁለት በር አሮጌ የስፖርት መኪናህን ገፍተው ለቅሶው መሐል አቆሟት። ጋቢህን አለበሷት። የአጎትህ ልጅ ዋለ ገብቶ አስነሳት። አንተ በሐይቁ ዳር ስትመለስ ከሩቅ የምሰማው ድምፅ ነበር። ደረቴን መምታት ረሳሁ። ዋለ ነዳጅ ቢረግጥባት ውስጧ ቀጭ አለና ጸጥ አለች።

አልቃሿ፣ «ፈረሱም ተከተለው!» አለች። እውነቱን ልንገርህ፣ ደስ አለኝ። ብቻህን ያልሄድክ መሰለኝ።

የጋራዥ ባልደረባህ ኡበይድ ድንኳን ሲተክል ቆይቶ እየሮጠ ደረሰ።

«ጋሽ አያሌው፣ ሰውየው ቢሞት መኪናውን ይገድሏታል? ቺንጋዋ አርጅቷል፣ ሳይቀየር አትነሳም ብሎኝ ነበር እኮ ሽታው!» ብሎ ኮፈኗ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።

ከአርባህ በኋላ አያሌው፣ «ለቁርጥራጭ ብረት ትሰጥ፤ ግቢ ውስጥ ሬሳ ማኖር ነው» ማለት ጀመረ። ኡበይድ ግን መጥቶ ሞተሯን ፈታ። የታጠፉ ቫልቮች መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ቺንጋው የሞተሩን ላይና ታች እኩል የሚያስኬድ የጎማ ቀበቶ ነው አለኝ። ሲበጠስ ላይ ያሉት ቫልቮች እንደተከፈቱ ይቆማሉ፤ ታች ያለው ፒስተን ግን ወዲያው አይቆምም፣ ወጥቶ ይመታቸዋል። እኔም ካንተ ወዲህ እንዲያ ነኝ። እግሬ ወፍጮ ቤት ይሄዳል፣ ሌላው ነገሬ ያን ቀን ላይ ቆሟል።

«ትሠራለች፣ አብሽሪ» አለኝ። «ልሥራት?»

ቫልቮቹን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ቤት ገባሁ። የምትጠገን ከሆነች አልተከተለችህም ማለት ነው። ሥራት ካልኩ፣ ብቻህን መሄድህን አመንኩ ማለት ነው።

ብዙ ጊዜ በአጠገቧ አለፍኩ። አንድ ጠዋት ዶሮዋ ከጎማው ሥር እንቁላል ጥላ አገኘሁ። አንተ ብታይ ዶሮዋንም እኔንም ትቆጣን ነበር። ኡበይድ ጋ ሄጄ «ሥራት» አልኩት።

አዲስ ቫልቮች ከደሴ አመጣ። አዲሱን ቺንጋ ካሰረ በኋላ ትልቁን መፍቻ አስያዘኝ።

«ከመነሳቷ በፊት በእጅ ትዞራለች፣ እማ። ቀስ በይ። የሚነካ ነገር ከተሰማሽ አቁሚ።»

አዞርኩ። ይከብዳል፣ ይላላል፤ ደግሞ ይከብዳል። የሚነካ ነገር አልነበረም።

ቁልፉን ሲያዞር ጮኸች። የማውቀው ድምፅ ነው፤ እንደ ድሮው ትመጣለህ ብዬ መንገድ መንገዱን ግን አላየሁም።

«ግቢ፣ በሐይቁ ዳር ዞር እንበል» አለኝ። ገባሁ። እሱም መሪው ጋ ቢቀመጥ እግሩ ፔዳሉ ላይ አልደርስ አለ። «አጭሬ» ስትለው አልነበር? ወንበሩ ላንተ እግር እንደተለካ ነው። እጁን የወንበሩ ማንሻ ላይ አድርጎ አየኝ።

«ወደፊት ልሳበው፣ እማ?»

ሞተሩ ይሠራል።

«ሳበው» አልኩት።

ለግሸን ማርያም ንግሥ እሱ ያደርሰኛል። ዳገቱን በእግሬ ወጥቼ ስምህን አስጠራለሁ። ወንበሩ እንደተሳበ ነው፤ እንዳትቀየመኝ።

እናትህ ተሾመች
ሐይቅ