ከእትዬ ዓይን ሥር

ጥቅምት 6

ዛሬም ዓይን፣ ዓይን፣ ዓይን። ጠዋት ሁለት እብጠት፣ ከሰዓት አንድ ጉድጓድ። ሥራዬ ባጭሩ ይኼው ነው። ሰው ዓይኑ ሥር አብጦ ወይም ጎድጉዶ ይመጣል። ከክንዱ ደም እቀዳለሁ፣ ብልቃጡን ማሽን ውስጥ አሽከረክራለሁ፣ ቀዩ ወደ ታች ይወርዳል፣ ቢጫው ውሃ ከላይ ይቀራል። እሱን ቢጫ ውሃ በቀጭን መርፌ መልሼ ዓይኑ ሥር። "የራስዎ ደም ቆዳዎን ያድሳል" እላለሁ። የቆዳ ክሊኒካችን ዶክተር ያስጠናችን ነው። በቀቀን ሆኛለሁ።

ታክሲ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጡት ሽማግሌ ዓይን ሥር ስንት መርፌ እንደሚፈጅ ስገምት ነቁብኝ። አፈጠጡብኝ። ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ጥቅምት 13

እትዬ ጋ ዋልኩ። በር ስትከፍት ክው አልኩ። ዓይኖቿ ሥር ሁለት ከረጢት።

"ስታለቅሺ ነው እንዴ ያደርሽው?"

"አንቺም ጀመርሽ?"

ጨርቅ ቤት ነው የምትሠራው። የገባ ደንበኛ ሁሉ "አይዞሽ፣ ያልፋል" ይላታል። ባሏ ከሞተ እኮ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል። "ማልቀስ ካቆምኩ ቆየሁ" አለች፣ "ዓይኔ ግን አልሰማም መሰለኝ።" ተሳሳቅን። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ባለሱቁ ያላትን ነገረችኝ። ደንበኛ ያዘነ ፊት አይወድም፣ ከኋላ ሆነሽ ጨርቅ ብትቆርጪስ?

አንጀቴን በላችው። ልጅ የላት፣ ባል የላት። ከሰው የሚያገናኛት ያ ባንኮኒ ነው። እኔን ደግሞ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እናታችን ስትሞት ገና ፊደል አልቆጠርኩም ነበር።

"ክሊኒክ ነይ። በራሴ እጅ ነው የምሠራልሽ።"

"እንደ ሀብታም ሚስት?"

"እንደ ሀብታም እህት።"

ኅዳር 2

እትዬ መጣች። አዲስ ቀሚስ ለብሳ! ሰርግ የተጠራች ነው የምትመስለው።

ደም ከመቅዳታችን በፊት ግፊት እንለካለን። በሽታ አለብዎ ወይ፣ እግር ያብጣል ወይ፣ ሽንት እንዴት ነው... ዶክተሯ በዚህ ቀልድ አታውቅም። እኔ ግን እህቴን ምን ብዬ ልጠይቃት? ገላዬን አጥባ ያሳደገችኝን ሴት "ሽንትዎ ምን ይመስላል?" ልበላት? ሳቄ መጣ። ዘለልኩት።

ቢጫው ውሃ ጥርት አላለም። ትንሽ ደፍርሷል። ቅባት የበላ ሰው እንደዚህ ያደርገዋል፣ አዲስ ነገር አይደለም። "ምን በልተሽ ነው የመጣሽው?" ዳቦ በሻይ አለች። ዳቦ በሻይ! ለሚቀጥለው ባዶ ሆድሽን ነይ ብዬ ወጋሁላት። ንቅንቅ አላለችም። የጋውኔን ጫፍ ብቻ ጭምድድ አድርጋ ይዛ ነበር።

ኅዳር 11

ደወለች። ማታ ማታ ቀለል ይላል፣ ጠዋት ስነሳ ግን ያው ነው አለች። ቸኮልሽ አልኳት። ቆዳ ጊዜ ይፈልጋል።

ታኅሣሥ 1

ብልቃጡን ከማሽኑ ሳወጣው... ወተት። ቢጫ የሚባል የለውም። ነጭ!

"እትዬ! ይኼ እኮ ወተት ይመስላል! ቅቤ ጠጥተሽ ነው የመጣሽው?"

"ከትናንት ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም።"

"ዓይን ያወጣ ውሸት!"

"እውነቴን ነው፣ ሚጡዬ።"

ሳቅኩባት። እትዬና ሆዷን አላውቅም? ከድስት ላይ ቀምሳ አፏን ጠርጋ "እኔ አልነካሁም" የምትል ሴት ናት። ዶክተሯ በበሩ ብቅ ብላ "ሁሉ ሰላም ነው?" ስትል ብልቃጡን በመዳፌ ሸፈንኩት። እህቴ እንዳታፍር ብዬ። ነጩን አልወጋኋትም። በሚቀጥለው ሳምንት ሆድሽን አስረሽ ተመለሺ አልኳት።

ታኅሣሥ 8

ዛሬም ነጭ። እንዲያውም ከባለፈው የባሰ።

በሸቅኩ። "በዚህ ዕድሜሽ ትዋሺኛለሽ? የምሳ ሰዓቴን ሰውቼ እኮ ነው!" እሷ እጅጌዋን ቁልቁል ሳበች፣ ቆለፈች፣ ተነሳች። ስትወጣ የጫማዋን ተረከዝ ረግጣ እንደ ነጠላ ጫማ ስትጎትተው አየሁ። "ቆሜ ስለምውል እግሬ አልገባ አለኝ" አለች። ስትተኚ እግርሽን ትራስ ላይ ስቀይ አልኳት። በየቀኑ ለሰው እንደምለው።

ታኅሣሥ 9

ትናንት አበዛሁት። ለምን ጮህኩባት? ቢርባትና ብትበላስ? ስደውል አላነሳችም።

ታኅሣሥ 16

ዘዴ ተገኘ። ከዓሣ የሚሠራው የቆዳ መርፌ አለ አይደል? በብልቃጥ ተዘጋጅቶ የሚመጣ፣ የሰው ደም የማያስፈልገው። ደሟን ምን አስቀዳኝ! መቅዳት ቀረ፣ ወተት ማየትም ቀረ። እስከ ዛሬ ይህን አለማሰቤ ገረመኝ።

እትዬ ለመንኳትና መጣች። ወጋኋት። "አንቺ ካልሽ" ብቻ ነው ያለችው። ስትወጣ ግንባሬን ሳመችኝ። ታርቀናል።

ጥር 4

ባለሱቁ ወደ ኋላ አዛወራት። መቀስና ጨርቅ፣ መስኮት እንኳ የሌለው ክፍል። "ዓሣውም አልዋኘም" አለችኝ በስልክ። ቀልዷ ነው፤ ስትቀልድ ግን ትንፋሽ ያጥራታል። ደረጃ ወጥተሽ ነው? አልኳት። ተቀምጫለሁ አለች።

ጥር 11

እትዬ ሱቅ ውስጥ ወደቀች። ሆስፒታል ነን። ሳንባዋ ውሃ ይዟል አሉ። ውሃ ከየት መጣ?

ጥር 12

የኩላሊት ሐኪሙ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። አልጋው ጫፍ ቁጭ ብለው አውራ ጣታቸውን ቅልጥሟ ላይ ጫን አደረጉ፣ ከዚያ አነሱት። ጉድጓዱ እዚያው ቀረ። አልሞላም። ቆሜ ሳየው፣ ሳየው... አልሞላም።

ኮሪደር ላይ ጠሩኝ። የኩላሊቷ ማጣሪያ ተበላሽቷል አሉ። ደም ውስጥ መቅረት ያለበት በሽንት ይወጣል፣ ውሃው ቆዳ ሥር ይጠራቀማል። መጀመሪያ የሚታየው ዓይን ሥር ነው፣ በተለይ ጠዋት። ደሙ ደግሞ በቅባት ይሞላል።

"ሰሞኑን ደም ሰጥታ ታውቃለች?"

"አዎ።"

"የት?"

"እኔ ነኝ የቀዳሁት።"

"መልኩ ምን ይመስል ነበር?"

"ነጭ" አልኩ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ።

ያኔ ብትመጣ በመድኃኒት ይያዝ ነበር? አልኳቸው። "ሊያዝ ይችል ነበር። እርግጠኛ ሆኖ የሚናገር የለም።" አሁንስ? አሁን የኩላሊት እጥበት ነው፣ በሳምንት ሦስቴ።

ጥር 13

ወተት በእጄ ይዤ ነበር። ነጭ ወተት! ሁለቴ። ከዚያ ደግሞ እንዳላየው ዘዴ ፈለግሁ። እጄን በቆረጠው። አንድ ሰው እንኳ ያንን ብልቃጥ ቢያየው... እኔ ነኝ የሸፈንኩት።

ጥር 20

ለዶክተሯ ነገርኳት። ታባርረኛለች ብዬ ነበር። እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ሰማችኝና "በር ላይ ቆሜ ጠይቄሽ ነበር እኮ" አለች። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

የካቲት 2

የሚመጣውን ሁሉ ቅልጥሙን እየጫንኩ ነው የማየው። አንዷ ዛሬ "ለዓይኔ መጥቼ እግሬን ምን ፈለግሽው?" ብላ ተቆጣች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉሃል ይኼ ነው። የእሷ እግር ደህና ነው።

የካቲት 17

ለእትዬ እውነቱን ልነግራት ቆርጬ ሄድኩ። ከእጥበት ወጥታ ሶፋው ላይ ተጋድማለች። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። "እትዬ፣ ያ ነጭ ነገር..." ከማለቴ፣

"አውቃለሁ" አለች።

ሐኪሙ ጠይቀዋት ኖሯል። "እህቴ ወተት ይመስላል ብላለች" ብላቸዋለች። ነጩ ከበሽታው መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቀችው። እስከ ዛሬ አንድ ቀን አላነሳችብኝም!

ማልቀስ ጀመርኩ። አላባበለችኝም። ድሮ ገና ከንፈሬ ሲንቀጠቀጥ ነበር የምታቅፈኝ።

"ኩላሊቴን አንቺ አላበላሸሽውም" አለች ጣሪያውን እያየች። "በሽታ ነው፣ ማንንም ይይዛል። እኔን የቆረጠኝ ሌላ ነው። ያን ዕለት ርቦኝ ጉልበቴ እየተብረከረከ ነበር የመጣሁት። አንቺ ባዶ ሆድሽን ነይ ስላልሽኝ። ውሃ እንኳ አልጠጣሁም፣ እንዳላበላሽብሽ ብዬ። ውሸታም አልሽኝ።"

"እትዬ..."

"እዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ውሸታም።"

ሰው አልነበረም። እኔና እሷ ብቻ ነበርን። ግን ምን ብዬ ልከራከር?

የካቲት 18

ያሳደገችኝን ሴት አላመንኳትም። ለማላውቃቸው ደንበኞች "ምን ይሰማዎታል?" እያልኩ የሚሉትን ሁሉ እሰማለሁ፤ እሷን አልሰማኋትም። የማውቃት መስሎኝ።

መጋቢት 9

ኩላሊቴን ልስጥ ብዬ ተመረመርኩ። ደማችን አይገጥምም አሉ። እትዬ ይህን ስትሰማ "ይሁና" አለች። የተከፋች አልመሰለኝም። ሸክም የወረደላት ነው የመሰለኝ። ወይስ እኔ ነኝ እንዲያ ያየሁት?

ሚያዝያ 5

ከረጢቶቹ ጠፍተዋል። ማሽኑ ውሃውን ሁሉ መጠጠውና ፊቷ ቀረ፣ ትንሽዬ፣ አጥንቱ የወጣ። ዓይኖቿ ሥር አሁን ጉድጓድ ነው። ጥልቅ። ክሊኒክ ብትመጣ ስንት መርፌ እንደሚፈጅ... እጄ ሳያስበው ገመተ። ጠላሁት ይህን እጅ።

እጥበቱ ክፍል ዛሬ ተጨናንቋል። ነርሷ ሦስት በሽተኛ ይዛ ወዲያ ወዲህ ትላለች። "አንቺም የሙያው ሰው አይደለሽ? እጄ እስኪደርስ እህትሽን ጀምሪላት፣ ደም ሥሯን ከማንም በላይ ታውቂው የለ!" አለችኝ በፈገግታ። ጓንቱን አነሳሁ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ስንት ጊዜ ሆነኝ አንድ ነገር ካደረግሁላት።

እትዬ ክንዷን አንሶላው ሥር አስገባች።

"እሷ ትምጣ" አለች።

"እትዬ፣ እኔ እኮ..."

"እጠብቃለሁ። እሷው ትውጋኝ።"

አልተቆጣችም። ድምጿ እንኳ አልተለወጠም፤ ውሃ አቀብይኝ እንደምትል ነው ያለችው። ነርሷ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየች፣ ከዚያ ወደ ሌላው አልጋ ሄደች። ጓንቱን መልሼ ካርቶኑ ውስጥ ከተትኩት። ብዙ ጠበቅን። ነርሷ መጥታ ስትወጋት እትዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ እኔ ደግሞ ወንበሬን ወደ እግሯ በኩል ሳብኩ። ስለ ዝናቡ አወራን።