ጫላቸው በስልክ የጠየቀው

ገለታ ወንድሜ፣

ይቺን ካርድ የምጽፍልህ ላቤ ቀለሙን እንዳያበላሽብኝ እየተጠነቀቅኩ ነው። ትናንት በምሳ ሰዓት እዚህ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 5 የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ አንዲት የአበሻ ምግብ ቤት ተቀምጬ ለጉባኤው ያመጣሁትን ጽሑፍ አርም ነበር። የጀርመኖቹን የህላዌ ፍልስፍና ስተረጉም ዋናውን ቃል «መሆን» ብየዋለሁ፤ አንተ «መኖር» ነው ብለህ ስትሞግተኝ ከርመሃል።

አጠገቤ የነበረው ጫላቸው የሚባል የከባድ መኪና ሹፌር ምግቡን አልነካም። እህቱ መስከረም ወደ የመን የተሳፈረችበት ጀልባ ኦቦክ ወደብ አካባቢ መገልበጡን ጠዋት ሰምቷል። ስልኩ ሲጠራ ብድግ ብሎ አነሳው።

«አለች?» አለ። ማን እንደደወለ እንኳ አልጠየቀም። ሁላችንም ማኘክ አቆምን።

የልጅቷ ድምፅ እኔ ድረስ ተሰማ። «አለሁ ወንድም ጋሼ፣ አለሁ።»

ጫላቸው ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ዛሬ ሊያመጣት ሄዷል።

እኛ አራት ኪሎ ስንገናኝ «አለሁ» ብለን እንተላለፋለን፤ ቃሉ እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። ሰው ምን እንደሆነ ከመጠየቃችን በፊት መኖሩ ራሱ ጥያቄ ነው፤ ፈላስፎቹም ሊሉን የፈለጉት ይህንን ይመስለኛል። ስለዚህ ጽሑፉ ውስጥ «መኖር»ን አስገብቻለሁ። «መሆን»ን ግን ጨርሼ መሰረዝ አቃተኝ፤ አብረዋት የተሳፈሩት ምን እንደሆኑ እስካሁን አልታወቀም።

ካርዱ ሞላብኝ። ሰብለወርቅን ሳምልኝ፤ ለእናትህም ዛሬውኑ ደውልላቸው።

ጀንበሬ