የአዛውንቶችን ስልክ ዝም ላሰኙት ዋና ዳይሬክተር

ለተከበሩ የጀማሪ ቴክኖሎጂ ድርጅቶች ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ዋና ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ወንበርዎ የጸና፣ ዕድሜዎም እንደ ረቂቅ ደንብዎ የረዘመ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔና ታናሽ እህቴ ከአንድ ልብስ ሰፊ ሱቅ ጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ፣ የስፌት መኪናው በተንቀጠቀጠ ቁጥር ጠረጴዛችን አብሮ እየተንቀጠቀጠ፣ ለአዛውንቶች መድኃኒት የሚዋጥበትን ሰዓት የሚያስታውስ መተግበሪያ የሠራን ሰዎች ነን። ሰዓቱ ሲደርስ ስልካቸው ይጠራል፤ ሲያነሡት ልጃቸው አስቀድሞ የቀዳው ድምፅ «አባዬ፣ መድኃኒትህን እንዳትረሳ» ይላቸዋል። ነገሩ ይኸው ነው።

በቅርቡ የሚጸድቀው ደንብዎ እንደ እኛ ላሉ ጀማሪዎች ያሰበውን አንብበን እጃችንን በአፋችን ጭነናል። ምስጋናችንንም በተራ ቁጥር እናቀርባለን።

፩. ደንቡ ፈቃድ የሚሰጠው ምርቱ በተጠቃሚዎች ከተሞከረ በኋላ ብቻ ነው ይላል፤ ያለ ፈቃድ ደግሞ ማንም እንዳይሞክረው ይከለክላል። ሊቃውንት ዶሮ ትቅደም ወይስ እንቁላል ሲባባሉ ኖረዋል፤ እርስዎ ሁለቱንም ከልክለው ገላገሉን።

፪. ምን እንደምንፈጥር ከመፍጠራችን በፊት እንድናሳውቅ ታዘናል። እህቴ ይህን ካነበበች ወዲህ ሐሳብ ብልጭ ሲልላት ደንግጣ ሰው ይኖር እንደሆነ በመስኮት ታያለች።

፫. ደንቡ ገና ሳይጸድቅ «ለዝግጅት» ብለው ተቆጣጣሪ ስለላኩልን ውለታዎ አለብን። ሰውየው ጨዋ ነው፤ ጫማውን በራፉ ላይ ጠርጎ ገባና መተግበሪያው የት እንደተቀመጠ ጠየቀን። ስልክ ውስጥ ነው ብንለው ስልኩን ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ ስልኩ ከክፍላችን እንዳይወጣም አዘዘ። ፈቃድ እስኪመጣ ድረስም ድምፆቹን ሁሉ እንድናጠፋ ነገረን። እህቴ «ጋሼ፣ እነዚህ ሰዎች እኮ ይረሳሉ» ብትለው፣ «ሕግ ግን አይረሳም፣ የኔ እህት» አላት። አጠፋን።

በማግስቱ ከደንበኞቻችን ለአንዱ፣ ለጡረተኛው የባቡር ነጂ፣ የለመዱት ስልክ ሳይጠራ ቀረ። ሩቅ አገር ያለችው ልጃቸው ክፉ ነገር የደረሰባት መሰላቸው። በዚህ ሐሳብ መድኃኒታቸውን ዘንግተው፣ ሰው ሊጠይቁ ሲወጡ ደረጃው ላይ አዞራቸው፤ ጎረቤት ባይደርስላቸው ኖሮ ይህ ደብዳቤ ሌላ ዓይነት ይሆን ነበር። እግዜር ይመስገን ተርፈዋል፤ እኔም ፈገግ እያልኩ የምጽፍልዎ ለዚህ ነው። ልንጠይቃቸው ስንሄድ ከአልጋቸው ቀና ብለው «ልጄን ዝም ያሰኛት ማነው?» አሉን። መልሱን ለእርስዎ ትቼዋለሁ።

፬. ከዚያ ወዲህ ሕግ አክባሪነታችን ጨምሯል። ረቂቁ የማሽንን ድምፅ እንጂ የሰውን ጉሮሮ ስለማይጠቅስ፣ እኔና እህቴ ስልክ ይዘን ለእያንዳንዱ አዛውንት በየተራ እየደወልን በአፋችን እናስታውሳለን። ሲደክመን ልብስ ሰፊው መርፌውን ከከንፈሩ አውጥቶ ያግዘናል። ከኮምፒውተር ወደ ጉሮሮ አሻግረውናልና፣ እንዲህ ያለ የቴክኖሎጂ ሽግግር ያደረገ መሥሪያ ቤት ያለ አይመስለንም።

ቀልዱን ላቁምና አንድ ልለምንዎ፦ ደንቡ ከመጽደቁ በፊት፣ ተጠቃሚው ፈቅዶና ወዶ ሲሞክር ሙከራው ሕጋዊ ነው የሚል አንድ መስመር ያስገቡልን። አንድ መስመር ብቻ፤ ቀሪውን ገጽ እንደወደዱ ያድርጉት።

ሳላስፈቅድ አስቤ፣ ሳላሳውቅ ፈጥሬ የተገኘሁ፣ በመደወል ብዛት ድምፄ የሰለለ፣ ከነጉሮሮዬ ታዛዥዎ፣
የልብስ ሰፊው ተከራይ

ማስታወሻ፦ ወላጅ እናትዎም ደንበኛችን ናቸው፤ ይህንንም ጻፊ ያሉኝ እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ሲመዘገቡ ድምፅዎን ልንቀዳ ቢሮዎ ደጋግመን ደውለን ስብሰባ ላይ ነዎት ስለተባልን፣ ድምፆቹን እስክናጠፋ ድረስ መድኃኒታቸውን ሲያስታውሳቸው የኖረው የጎረቤት ልጅ ድምፅ ነው። ትናንት ስደውልላቸው እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄን፣ ሕጉን ያውጣ፣ ግድ የለም፤ ለእናት መደወል ግን ፈቃድ አይጠይቅም በይልኝ።»