ፕሮክሲው እንቢ ያለበት ሳምንት

ሰኞ፣ ግንቦት 4 ቀን 2006፣ ረፋድ 4 ሰ.

እንደገና እንቢ አለ። «ጀምር» የሚለውን ስጫነው አረንጓዴው መብራት ብልጭ ይልና ይጠፋል። አማትቤ ደግሜ ተጫንኩ። ብልጭ። ጠፋ።

ለአንተ ላስረዳህ፣ ደብተሬ፤ ሌላ የምነግረው ሰው የለኝም። ከቴሌ የሚመጣው አንድ መስመር ዋናው ማሽን ውስጥ ይገባል። እዚያ ላይ ፕሮክሲ የሚባል ፕሮግራም አለ። የኮሌጁ ሠራተኛ ሁሉ በስሙና በይለፍ ቃሉ ሲገባ፣ ኢንተርኔቱን የሚያድለው እሱ ነው። ለማን ከፍቶ ለማን እንደሚዘጋ የሚያዘው ደግሞ አንድ ፋይል ነው። አብሮት የመጣውን ፋይል ስሰጠው ይነሣል። እኔ ያስተካከልኩትን ስሰጠው አይነሣም። ነገሩ ይኸው ነው።

ለምን አስተካከልከው ትለኝ ይሆናል።

ዓርብ ዕለት ዲኑ፣ አቶ ፈንታሁን፣ አስጠራኝ። በሩን በእጁ ዘጋ። አካውንቲንግ የምታስተምረው መ/ርት ሰናይት፣ የሆሳዕናዋ፣ ዝውውር ልትሞላ ነው። ምዝገባው በኢንተርኔት ነው፤ ከኮሌጁ መስመር ካልሆነ አይቀበልም። የአገልግሎት ዓመቷን ጨርሳለች፣ መብቷ ነው፣ ልከለክላት አልችልም አለ። ከሄደች ግን ምትክ አይልኩልኝም። መስመሩን በማሽን ዝጋባት፣ ኔትወርክ ይመስላታል። ይህን ብሎ ብዕሩን ማገላበጥ ጀመረ። የሞጣው ጉዳይህ እኮ ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ አያሌው።

ሞጣ። ልጄ ብርቱካን እዚያ ናት። እናቷ ካረፈች ጀምሮ አክስቷ ዘንድ ናት፤ ገና አምስት ዓመቷ ነው። የባለቤቴ የየሺ መቃብርም እዚያው ነው። የሞጣው ኮሌጅ ሊቀበለኝ ተስማምቷል። የቀረው የዲኑ መልቀቂያ ብቻ ነው።

እሺ ጌታዬ አልኩ። እንዲያውም ቶሎ አልኩ። ያ ቶሎ ማለቴ ነው እስካሁን የሚቆረቁረኝ።

ያው፣ ማታ

ቀኑን ሙሉ ግቢው ያለ ኢንተርኔት ዋለ። ለአንዷ ልዘጋ ብዬ ለሁሉም ዘጋሁ። ሬጅስትራሩ በመስኮት ብቅ ብሎ፣ «አያሌው፣ ሱባኤ አስገባኸው እንዴ ማሽኑን?» አለኝ። በቢሮው ያሉት ሁሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ።

ሰናይትም መጣች። አልሳቀችም። ምዝገባው ረቡዕ ይከፈትና ዓርብ 12 ሰዓት ላይ ይዘጋል ይላል፣ ጋሼ፤ ይደርስልኛል? አለችኝ። ይደርሳል አልኳት።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5

ጠዋት ሥራዬን በሥርዓት ያዝኩ። የድሮውን ፋይል መለስኩ፤ ተነሣ። ሰው ኢንተርኔት አገኘ፣ ጸጥ አለ። በምሳ ሰዓት አውጥቼ የእኔን ሰጠሁት፤ እንቢ። የእሷ ስም በስህተት ተጽፎ እንደሆን አየሁ፤ ልክ ነው። ፋይሉ ያለበትን ቦታ አየሁ፤ ልክ ነው። ማሽኑን አጥፍቼ አበራሁ። ፕሮግራሙ ስህተትን እየጠቀሰ የሚከስበት ገጽ አለው፤ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ይላል፤ «መስመር» እና «ሰዓት» የሚሉትን ብቻ ለየሁ። የእኔ ትምህርት ዐሥረኛ ክፍል ነው፤ የኮምፒውተሩ ሰርተፍኬትም ሞጣ የወሰድኩት የሦስት ወር ነው።

አንድ ሐሳብ መጣብኝ። እግዚአብሔር ይሆን እንቢ ያለው? በለዓምን ያቆመችው አህያ ነበረች። እኔንስ በዚህ ቢያቆመኝ?

ሐሳቡ ደስ አለኝ። ከዚያ ጠላሁት። ፈጣሪ እንቢ እንዲልልኝ የምፈልገው እኔ ራሴ እንቢ ማለት ስላቃተኝ ነው።

ዲኑ 9 ሰ. ላይ ገባ። ሰው ፊት ስለ እሷ አያነሣም፤ ስለ ማሽኑ ግን ጮኸብኝ። አንድ ፕሮግራም ማስነሣት ያቃተው ሰው ሞጣስ ሄዶ ምን ሊሠራ ነው? እዚያ የሚቀበሉህ ሐውልት እንድትሆን ነው? አለኝ። ታይፒስቷ አንገቷን ደፋች።

ሰናይት መሳቢያዋን ከፍታ ለታይፒስቷ ጫማ ስታሳይ አየሁ። ሰማያዊ፣ ትንሽ፣ ማሰሪያው ነጭ። የልጇ የናቲ ነው። ከገበያ የገዛችለት፣ ስትሄድ ልትወስድለት። እሱም አምስት ዓመቱ ነው፤ ሆሳዕና አያቱ ዘንድ ነው። የእግሩን ልክ በክር ለክተው በፖስታ ላኩልኝ ትላለች። ክሩም መሳቢያው ውስጥ አለ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6፣ 11 ሰ.

ተነሣ። ማን እንዳስነሣው ስማ።

ከትናንት ምሳ ጀምሮ እንቢ እንዳለ ነበር፤ ዛሬ በምሳ ሰዓት ብቻዬን እየታገልኩ ሳለ ሰናይት ገባች። በሃምሳው ምክንያት ጾም የለም፤ ከቤቷ በወጥ የተለወሰ ፍርፍር በሣህን ይዛልኝ መጣች። ሲጮኹብዎት ሰምቻለሁ፣ ጋሼ፣ እስቲ አብረን እንየው አለች። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ልከለክላት ምክንያት ፈለግሁ። አጣሁ።

የክሱን ገጽ አነበበችልኝ። መስመር 14 ላይ ያለው ሰዓት አይሆንም፣ መጨረሻው ከመጀመሪያው ይቀድማል ነው የሚለው አለች። ወደ 14 ወረደች። ስሟ ያለው ከላይ፣ ሌላ መስመር ላይ ነው፤ አላየችውም። እዚህኛው ላይ ያለው ሰዓቱ ብቻ ነው። እኔ የጻፍኩት ከ2፡30 እስከ 2፡00 ይላል። ከጠዋቱ ሁለት ተኩል፣ የማታ ተማሪዎች እስከሚወጡበት እስከ ምሽቱ ሁለት ማለቴ ነው። ቢሮው ክፍት በሆነበት ጊዜ ሁሉ እንዲዘጋባት።

ሳቀች። ከልቧ ነው የሳቀችው፣ ሳታሾፍ።

«ውይ ጋሼ! በእኛ ሰዓት ጽፈውበት! እሱ እኮ ፈረንጅ ነው፤ ለእሱ ሁለት ሰዓት ከሁለት ተኩል በፊት ነው።»

«ታዲያ ምን ልበለው?»

«8፡30 እስከ 20፡00 ይበሉት። ግን ሰዓቱ ለምንድን ነው?»

ለቁጥጥር ነው አልኳት። ለጠቅላላው።

እሷው ጻፈችው። በእሷ ጣት። ጣቷን አየሁ። አሁን ይሞክሩት አለችኝ። ተጫንኩ። አረንጓዴው በራ። አልጠፋም። እልል ልትል ምንም አልቀራት፤ አጨበጨበች። ሮጣ ወደ ጠረጴዛዋ ሄደች፣ ዝውውሯን ልትሞላ።

ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። ብዙ አልቆየችም። ከበሩ ላይ ሆና፣ «የእኔ ብቻ ነው እንዴ እንቢ ያለው?» አለች።

ኔትወርክ ይሆናል አልኳት።

ፍርፍሩን በላሁት። ይህንንም ልጻፈው። ርቦኝ ነበር፤ ጣፍጦኛልም።

ኀሙስ፣ ግንቦት 7

ዲኑ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ጎበዝ አለኝ። በሌላ ሰው ስም የሚገባ ይቀጣል የሚል ማስታወቂያም በግድግዳው ላይ አስለጠፈ። ስለዚህ ማንም ይለፍ ቃሉን አያውሳትም። ሁሉም ያዝንላታል፤ ማንም አይሰጣትም።

እሷ በየሰዓቱ ትሞክራለች። ገመዱን ትነቅላለች፣ ትሰካለች። ማሽን ትቀይራለች። በስሟ በገባችበት ሁሉ ይዘጋል። ደ/ማርቆስ ሄጄ እሞክር ይሆን አለች፤ ከኮሌጁ መስመር ውጭ አይቀበልም፤ ራሷ ታውቀዋለች። ኮሪደር ላይ ቆማ ለልጇ ደወለች። በቅርቡ፣ በቅርቡ፣ በቅርቡ ትለዋለች።

አንተን መዋሸት አልችልም። ዛሬ አንድ ጊዜ፣ እሷ ስትለማመጠኝ፣ ሆዴ ውስጥ የሆነ ሙቀት ተሰማኝ። እኔን የሚለማመጠኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። መምህርት ናት፣ ዲግሪ አላት፣ እኔን አያሌውን ትለማመጣለች። የከፋው እሱ ነው። ለሞጣ ብዬ ከማድረጌም ይከፋል።

አንድ ዘዴ አሰብኩ። ዲኑ ነገ 10 ሰ. ላይ እፈርምልሃለሁ ብሎኛል። እሱ እንደፈረመ የእሷን መስመር እሰርዛለሁ። ምዝገባው እስከ 12 ሰ. ነው። አንድ ገጽ ለመሙላት ሁለት ሰዓት ይበቃል። እሷም ትሄዳለች፣ እኔም እሄዳለሁ። ማን ተጎዳ?

የማታ ጸሎት አደረስኩ። «በደላችንን ይቅር በለን» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄን ቀነስኩ። ለማን ብዬ ነው የምቀንሰው?

ዓርብ፣ ግንቦት 8፣ ማታ

ጠዋት ሙሉውን ከማሽኗ ሳትነሣ ዋለች። ቀትር ላይ፣ ልክ 6 ሰ. ሲሆን፣ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሣች። ነጠላዋን ለበሰች። ማንንም ሳታይ ወጣች። ምሳ ነው አልኩ በልቤ። ምን ዓይነት ምሳ እንደሆነ አልጠየቅሁም።

10 ሰ. ዲኑ ዘንድ ገባሁ። ሰኞ አለኝ። ዛሬ አይመቸኝም፣ ሰኞ እንፈርማለን፣ ምን ያስቸኩልሃል?

ወጣሁ። ማሽኑ ጋ ሄጄ የእሷን መስመር ከፋይሉ አጠፋሁ፣ ፕሮክሲውን አስነሣሁ። ያለ ምንም ችግር ተነሣ። አዝኜላት አይደለም። ተናድጄ ነው። ዲኑ ፈርሞ ቢሆንስ እሰርዘው ነበር? ነበር እላለሁ። ሲፈርም ደግሞ ሌላ ምክንያት አገኝ ይሆን ነበር። አላውቅም። የማላውቀው ሰው ራሴ ሆንኩ።

ቤቷ ድረስ ሄድኩ፣ እየሮጥኩ፣ በዚህ ዕድሜዬ። ኔትወርኩ መጣ፣ ነይ አልኳት። ገና አንድ ሰዓት ተኩል አለሽ።

አየችኝ። ዓይኗ አብጧል።

«የምን አንድ ሰዓት ተኩል፣ ጋሼ?»

«12 ሰዓት አላልሽም?»

«የፈረንጅ 12 ነው እኮ። ቀትር ላይ ተዘጋ።»

በሩን ይዤ ቆምኩ። ረቡዕ ለት አስተምራኝ ነበር። አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ እሱ ፈረንጅ ነው ብላ፣ በጣቷ ጽፋ። ሦስት ቀን ያልሞላው ትምህርት። የተማርኩት እሷን የምዘጋበትን ያህል ብቻ ነው።

ይግቡ፣ ደክሞዎታል አለችኝ። ውኃ ሰጠችኝ። እርስዎ ምን ያድርጉ፣ ኔትወርኩ ነው አለች። ለከርሞ እሞላለሁ።

ውኃውን ጠጣሁ።

እሑድ፣ ግንቦት 10

ቅዳሴውን ውጭ ቆሜ አስቀደስኩ። ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ከዛፉ ሥር አገኘኋቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ፕሮክሲ ምን እንደሆነ አልገባቸውም፤ የቀረው ገባቸው። ለመምህርቷ ነግረሃታል? አሉኝ። አልነገርኩም አልኳቸው።

«እንግዲያ ከእኔ ምን ፈልገህ መጣህ?»

ስግደት ቢሰጡኝ ብዬ ነው አልኳቸው። ስግደት ቀላል ነው አሉኝና መስቀላቸውን ሳያሳልሙኝ ተነሡ።

ሰኞ፣ ግንቦት 11፣ 9 ሰ.

ፈረመ። እንዲህ ቀላል ነበር፤ ብዕሩን አንሥቶ ጫር፣ ማኅተም። የማሽኑን ክፍል ለሰናይት አስረክብ አለኝ። ያስነሣችው እሷ አይደለችም? ብሎ ጥቅሻ ጣለብኝ። ወዲያው ሳቀ። እንዲህ ሲሥቅ አይቼው አላውቅም።

ያው፣ ማታ 1 ሰ.

ሻንጣዬን አሰርኩ። የነገው የሞጣ መኪና ጠዋት 2 ሰ. ይነሣል። ሞጣ ለልጄ አክስት ደወልኩ። ብርቱካን ስልኩን ቀምታ፣ አባዬ መናኸሪያ መጥቼ እጠብቅሃለሁ አለችኝ።

ሰናይት አመሻሽ ላይ መጣች። በፌስታል የተጠቀለለ ነገር ይዛ። ሳልፈታው አወቅሁት። ለናቲ እስከ ከርሞ አይሆነውም፣ እግሩ ያድጋል አለች። ለብርቱካን ይሁናት። ሰማያዊው የወንድ ይመስላል እንዳትል ይንገሯት፣ ነጭ ማሰሪያ አለው። ሳቀች። እንዲህም አለች፣ «ቢያንስ አንዳችን ልጃችን ጋ ገባን፣ ጋሼ።»

አልነገርኳትም። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው እግዜር ይስጥልኝ ነው።

ጫማው አሁን አልጋው ላይ ነው። ክሩም ውስጡ አለ፤ ረስታው ነው ወይም ትታው። በሐሳቤ በብርቱካን እግር ላይ አየሁት። ስትሮጥበት። አባዬ ማን ሰጠኝ ስትል።

አሰብኩ፤ ቁልፉን ለዘበኛው ትቼ ብሄድ፣ አስረክቤያለሁ ይባላል። ሥርዓት ነው። ማንም አይጠይቀኝም። ያን መስመር ከፋይሉ አጥፍቼዋለሁ። ማሽኑም ንጹሕ ነው፤ እሷም ኔትወርክ ነው ብላለች። መኪናው 2 ሰዓት ይነሣል፤ እሷ ቢሮ የምትገባው 2፡30 ነው።

በሀበሻ 2፡30። ይህን አልስትም።

ፋይሉን ከፍቼ ያጠፋሁትን በእጄ መልሼ እጽፈዋለሁ፣ ስሟንም፣ ሰዓቱንም፣ ራሷ እንዳረመችው። አጠገቤ ወንበር ስቤ አስቀምጣታለሁ። አነብላታለሁ። ዲኑ ከሰማ ደብዳቤውን ይቀደዋል፤ ይቅደደው። እሷም ጫማውን መልሳ ትወስደው ይሆናል፤ ትውሰደው። ምን እንደምትለኝ አላውቅም። ማወቅም የእኔ አይደለም።

ብርቱካን መናኸሪያ ትጠብቃለች። ጠዋት ደውዬ እንዳትወጣ እነግራታለሁ።

የ2 ሰዓቱ መኪና ይሂድ።